ብርድ የመታቸው ጉንዳኖች

ጥሩአየር በትዳር ዘመኗ ሁሉ አንድም ቀን መስኮት ከፍታ አታውቅም። "ዝጋው፣ ብርድ ይመታናል!" ትላለች። ደብረ ብርሃን በሙቀት መንደድ ከጀመረች ወዲህ እንኳ ይህን አመሏን አልተወችም። ባሏ ንጋቱ በላብ እየታጠበ፣ "የትኛው ብርድ ነው ጥሩዬ? ያለበትን ንገሪኝና ሄጄ ልለምነው" እያለ ይቀልድባታል።

ዛሬ ጠዋት ሣጥኗን ስትከፍት፣ ከተጣጠፈው ብርድ ልብስ መሀል ድንቢጥ የምታህል ንግሥት ጉንዳን ተኝታ አገኘች። ተመራማሪዎች በጥንት ድንጋይ ውስጥ ከተገኘ ቅሪት ቀስቅሰው ያራቧቸው ግዙፍ ጉንዳኖች አምልጠው ከተማውን ከወረሩ ሰንብተዋል።

"እነዚህ ጉዶች ድሮ ጠፍተው አልነበር? ምን ነበር የፈጃቸው?" አለች ወደ ኋላ እየሸሸች።

"ምድር ስትቀዘቅዝ ነው አሉ ያለቁት" አላት ንጋቱ።

ፊቷ በራ። "ብርድ መቷቸው ነዋ! አላልኩህም?"

ንጋቱ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። "በቃ፣ ተረታሁ! የጉንዳን ዘር በሙሉ ምስክርሽ ሆነ።"

የጥሩአየር ፈገግታ ግን ቶሎ ጠፋ። ንግሥቲቱ ብርድ ልብሱ ላይ እንቁላሏን እየደረደረች ነበር። ሙቀቱ ከመጣ ወዲህ ሣጥኑን ከፍቶ ያንን ብርድ ልብስ የፈለገ ሰው እንዳልነበረ ትዝ አላት።

ሄዳ የዛገውን የመስኮት መቀርቀሪያ ታግላ ከፈተችው። ቀጥላ ፊት ለፊት ያለውን በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ነጠላዋንም ከትከሻዋ አውርዳ በመስኮቱና በበሩ መሀል ቆመች።

"ምን ሆነሻል?" አላት ንጋቱ።

"ብርዱ ይምታን" አለች ቀስ ብላ። "እባክህ ይምታን።"

ሁለቱም የመስኮቱ መጋረጃ ላይ አፈጠጡ። ንቅንቅ አላለም።