ሐሙስ ያላስተማርኩት ትምህርት

ሦስት ቀን ታምሜ ዓርብ ስመለስ ተማሪዎቼ የቤት ሥራ ሠርተው ጠበቁኝ። እኔ ግን አልሰጠኋቸውም።

«ቲቸር፣ ትናንት ሰጥተውን እኮ ነው» አለች የክፍል አለቃዋ። «በመነጽሩ እሳተ ገሞራው አፍ ድረስ ወስደውን!»

ደሜ ፈላ። ቁጭ ባሉበት ዓለምን ያዞራል የተባለለትን ይህን መነጽር ድሮም አልወደድኩትም። ርዕሰ መምህሩ ካርታዎቼን አውርዶ እሱን ሲያመጣ፣ «ዓይን ሸፍኖ ምን ዓይነት ጂኦግራፊ ነው?» ብዬ ተጣልቼዋለሁ። ጭራሽ መልኬንና ድምፄን ሰርቀው ማስተማር ጀመሩ?

የኮምፒውተር ባለሙያው ላይ ጮህኩበት።

«ማን ፈቀደልህ?»

«ኧረ ቲቸር፣ መነጽሮቹን የሚያሠራው ማሽን ከሰኞ ጀምሮ ተበላሽቷል» ብሎ የተነቀለውን ገመድ አሳየኝ።

ሙልጭ ያለ ውሸታም! ወደ ክፍል ተመልሼ የአለቃዋን መነጽር ነጠቅኩና አጠለቅኩት።

አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ ሰሌዳ ላይ ትጽፋለች። ዛሬ ጠዋት የለበስኩትን ቡናማ ሹራብ ለብሳለች፤ ክርኑ ላይ የተተረተረው እንኳ አልቀረም። ልጆቼ በየወንበራቸው ጸጥ ብለው ያዳምጧታል። ለእኔ አንድ ቀን እንዲህ ጸጥ ብለውልኝ አያውቁም።

«አንቺ ማነሽ?» ብዬ አንባረቅኩ።

«ያረፈደ በር ላይ ይቁም» አለች ሳትዞር። ሃያ ዓመት ሙሉ የጮህኩት የራሴ ቃል ነው። እሷ ግን በለሆሳስ ነው ያለችው።

ልጆቹ ዞረው ሳቁብኝ።

መነጽሩን አውልቄ ልወረውረው እጄን ሰደድኩ። ጣቶቼ ያረፉት መነጽር በሌለበት ባዶ ፊቴ ላይ ነው።