ያልወረደው እጅ

ራጉኤል የአሜሪካ ዜግነት ሲወስድ የአያቱን ስም ከስሙ መጨረሻ ቆርጦ ጣለው። ፎርሙን የምትሞላው ሴት ለምን ብትለው «ረዘመብኝ» አላት። ምን ይረዝምበታል፤ አፍሮበት ነው እንጂ።

ገበናው ሻንጣ ውስጥ ያለ አንድ ፎቶ ነው። በጣሊያን ጊዜ የአንዲት ከተማ ሰው በሙሉ አደባባይ ተጠርቶ ለባንዲራው እጁን ዘርግቶ ሰላም እንዲል ታዘዘ። ሕዝቡ አስቀድሞ ተማክሮ ነበርና ማንም እንቢ ሳይል፣ ማንም ሳይጮህ፣ እጁን አውርዶ ቆመ።

ፎቶው ላይ የተነሳው አንድ እጅ ብቻ ነው፤ የአያቱ። ባንዲራው እንኳ ወርዶ የሱ እጅ አልወረደም። ሰዉ ሁሉ ዞሮ ያየዋል። ከዚያ በጣሊያኑ ሹም መኪና ሄደ፤ በዚያው ቀረ። ነፍሰ ጡር ሚስቱ በማግስቱ ከተማውን ለቃ ወጣች፤ ስትወልድ ሞተች። ልጁን ያሳደጉት ዘመዶቿ ፎቶውን ኋላ ከአንድ ነጋዴ እጅ አገኙትና «ለካ ባንዳ ኖሯል» አሉ። የራጉኤል አባትም አንገቱን ደፍቶ ኖሮ ሞተ።

የራጉኤል ልጅ ማያ ይህን አታውቅም። ስፕሪንግ ቫሊ ሰፈር ባለው የኢትዮጵያውያን ማኅበር አዳራሽ ቅዳሜ ከሰዓት የቆዩ ፎቶዎች ይታያሉ ሲባል የአባቷን ሻንጣ በርብራ ይዛው ሄደች። «ሰርፕራይዝ» ብላ ቴክስት አደረገችለት። ራጉኤል የካዚኖ ሺፍቱን አቋርጦ በረረ።

ሲደርስ ፎቶው ተሰቅሏል። እማማ ጽጌወይን ዊልቸራቸውን አስጠግተው ያዩታል። ዘጠና ስድስት ዓመታቸው ነው፤ የዚያች ከተማ ልጅ ናቸው።

«ይሄ ሰውዬ ዘመድህ ነው?» አሉት።

ሰው ሁሉ ይሰማል።

«አይ እማማ፣ አላውቀውም። ከገበያ የተገዛ ፎቶ ነው።»

«ግን ዳድ፣ አንተን ይመስላል እኮ» አለች ማያ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ራጉኤል መሬት ተከፍታ ብትውጠው ደስታው ነበር።

«እኔ እኮ ስሙን የሚነግረኝ ሰው አገኘሁ ብዬ ነበር» አሉ እማማ። «ስምንት ዓመቴ ነበር፤ ከአባቴ ጎን ቆሜ አይቼዋለሁ።»

«ለጣሊያን ሰላምታ ሲሰጥ?» አለ ራጉኤል ወለል ወለሉን እያየ።

«የምን ሰላምታ፣ ልጄ? ሹሙ ‹ይህን ሕዝብ እጅህን አታንሳ ብሎ የመከረ ማነው፤ እጁን ያውጣ› ሲል ነው እንጂ።»