ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ

ሰውዬው ማራቶን እስከ መጨረሻው ሮጦ አያውቅም። አራት ዓመት ሙሉ፣ ልክ ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ጉልበቱን ይዞ ያቋርጣል። ጓደኞቹማ መሳቂያ አድርገውታል።

"አንተ ሰው፣ ምን አግኝተህበት ነው በየዓመቱ የምትመዘገበው? በዚህ ልፋት ሚስት ብትፈልግበት እስካሁን ሦስት ልጅ ነበረህ!"

"ለጤናዬ ነው" ይላቸዋል።

ዘንድሮ ግን ነገሩን አጥብቆ ያዘው። ዓመቱን ሙሉ ዶሮ ሳይጮኽ እየተነሣ የሱሉልታን ዳገት ሲወጣና ሲወርድ ከረመ። በውድድሩ ዕለት ሠላሳኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ ትንፋሹ እንኳ አልተዛባም። እግሩ ላባ ሆኖለታል። የመጀመሪያ ዕርዳታ መስጫውን ነጭ ድንኳን ሲያይ ግን ላቡን ጠረገ፣ ፀጉሩን በጣቶቹ አበጠረና ማነከስ ጀመረ።

ነርሷ ገና ከሩቅ ስታየው ፋሻዋን አዘጋጀች። አስቀምጣው ቀኝ ጉልበቱን እየጠቀለለች፣ ቀና ሳትል፣

"ዓምና ያመመህ ግራው ነበር" አለችው።

ሰውዬው የሚገባበት ጠፋው።

"ካቻምና ደግሞ ሁለቱም።"

"እኔ እኮ..."

"ከአንድ ሰዓት በኋላ የምዛወረው ወደ መጨረሻው መስመር ነው" አለች፣ ሳቋን በከንፈሯ ይዛ። "እዚያ ደርሰህ ቢያምህ ምናለበት?"

ፋሻው ታስሮ እስኪያልቅ አልጠበቀም።

ጓደኞቹ ያን ቀን ያዩትን አውርተው አይጠግቡም። ሰውዬው ከጉልበቱ የተፈታ ፋሻ ከኋላው እያውለበለበ፣ ስንቱን ወጣት እየቀደመ መጣ። የመጨረሻውን መስመር እንደ ጥይት አለፈ። ከዚያ እዚያ የተተከለውን ነጭ ድንኳን አየና ማነከስ ጀመረ።