የጎረቤት ምስክር

«ስለ ገሊላ ነው የመጣነው፤ የማዶዋ የዘነበች ልጅ» አሉ አቶ ሀብተወልድ፣ ገና ወንበሩ ላይ ሳይደላደሉ።

ወይዘሮ ሙሉነሽ ልባቸው በደስታ ዘለለ። ሁለቱ ሽማግሌዎች ከሐኪም ጋራ ሰፈር ድረስ የመጡት ለመምህር ኒቆዲሞስ ሚስት ሊያጩ ነው። ሰባት ቤት ቆጥረው፣ መምህሩና ገሊላ ዘመድ አለመሆናቸውን አረጋግጠዋል። የቀረው የጎረቤት ምስክርነት ነው፤ ጎረቤቷ ደግሞ እሳቸው ናቸው።

አሥራ አራት ዓመት ጠብቀዋታል ይቺን ቀን። ያኔ የሳቸውን ልጅ፣ የሰላማዊትን ነገር ሊያጣሩ የመጡ ሽማግሌዎች የዘነበችን በር አንኳኩ። ዘነበችም፣ «ምስኪን፣ የሚጥል በሽታ አለባት እኮ» አለቻቸው። ነጭ ውሸት! ሽማግሌዎቹ አልተመለሱም። ወሬው የጀጎልን ሰፈር ሁሉ ዞረ፤ ከዚያ ወዲያ ሰላማዊትን ብሎ የመጣ የለም።

ወይዘሮ ሙሉነሽም ከዚያን ቀን ጀምሮ አባታችን ሆይ ሲደግሙ «የበደሉንን ይቅር እንደምንል» የሚለውን ቦታ ይዘሉታል። መቼም እግዚአብሔርን ፊት ለፊት አይዋሹም።

«እንዴት ናት ልጅቷ?» አሉ አቶ ሀብተወልድ።

መዋሸት እንኳ አያስፈልግም። «እኔ ምን አውቃለሁ፤ እግዚአብሔር ያውቃል» ብሎ መተንፈስ ይበቃል። ሰርጉ እዚያው አለቀለት። ዘነበች ትቃጠል! ልጅ ቤት ቁጭ ብላ ስታረጅ ማየት ምን እንደሆነ ትቅመሰው!

ሰላማዊት ለስላሳ ይዛ ገባች። ጠርሙሶቹን አስቀምጣ፣ ዐይኗን ከመሬት ሳታነሣ ወጣች። እሷን ያዋረዳት የዘነበች ምላስ ነው። ገሊላ ግን አምና ወይዘሮ ሙሉነሽ ታመው ሲተኙ ከእናቷ ተደብቃ አጥሚት ያመጣች ልጅ ናት። ያንን አጥሚት ባያስታውሱት ደስ ባላቸው ነበር።

«ገሊላ…» አሉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ጤነኛ ናት። ጨዋ ናት። ወንድ ልጅ ቢኖረኝ ለማንም አልሰጣትም ነበር።» ቃሉ እሬት እሬት አላቸው።

«እናቷስ?»

«ስለ እናቷ እኔን አይጠይቁኝ። ቂም አለብኝ፤ ምላሴን አላምነውም።»

ሽማግሌዎቹ መርቀው ሲወጡ ዘነበች ማዶ በሯ ላይ ቆማለች። ከማን ቤት እንደወጡ አየች። ፊቷ አመድ መሰለ፤ መቃኑን ደገፍ አለች። ወይዘሮ ሙሉነሽ አንጀታቸው ቅቤ ጠጣ። እስከ እሑድ፣ መልሱ እስኪደርሳት፣ እንቅልፍ የላትም። ይህቺ እንኳ ለእኔ ትሁን ብለው በሩን ሊዘጉ ሲሉ ሰላማዊት በጎናቸው ሾልካ ወጣች።

«ወዴት ነው?»

«በጎ እንደመሰከርሽ ልነግራት ነዋ፣ እማዬ። ተጨንቃለች እኮ።»

«ማን? እሷ?»

ሰላማዊት ነጠላዋን አጣፍታ መንገዱን ተሻገረች። ዘነበች፣ ሰላማዊት ስትመጣ ባየች ጊዜ፣ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። ሰላማዊት አጠገቧ ደርሳ፣ እጆቿን አንድ በአንድ ከፊቷ ላይ አነሣቻቸው።