የኤጀታ ደንበኞች ስንብት

ኤጀታ ራሱን የሚያየው እንደ ብሔራዊ ባንክ ገዥ ነው። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ፣ ከዳቦ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ተቀምጦ፣ ለሰፈሩ ነጋዴ ስለ ገንዘቡ ይመክራል። «ተበደር። አትበደር። ሁለተኛ ሱቅ እንዳታስብ።» ክራቫት አስሮ እኮ ነው! ያው ከታች የሚነሳው ዱቄት ክራቫቱን የዳቦ ጋጋሪ ሽርጥ ያስመስለዋል እንጂ።

አሁን ግን ሲኤምሲ ቢሮ ሊከፍት ነው። ሸሪኩ ቁርጡን ነግሮታል። «ወፍራም ወፍራሞቹን ደንበኞች ብቻ ይዘህ ና። ጉልት ይዘህብኝ እንዳትመጣ።»

ኤጀታ ሲመርጥ ከረመ። ነገሳ፣ የብረት ነጋዴው፣ ይያዛል። ሰዓዲያ፣ ባለ ጨርቅ ሱቋ፣ ትሰናበታለች። ጋሽ ከበበ፣ ባለ ወፍጮው፣ አንዱን ምክር ሦስቴ ካላስደገሙ የማይገባቸው፣ እሳቸውማ በሩጫ!

ችግሩ፣ ትንንሾቹን ሁሉ ያመጣለት ታላቅ ወንድሙ ኢታና ነው። ኢታና የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው፤ ከባድ መኪና እየነዳ ኤጀታን አስተምሯል። ሰፈሩም «የኢታና ወንድም ከሆነማ» ብሎ ነው ገመናውን የገለጠለት።

«እነሱን ከጣልክ እኔንም ጣልከኝ፤ ወንድም አለኝ እንዳትል» ብሎት ነበር ከመንገድ ደውሎ። ከዚያ ወዲህ ስልክ አያነሳም።

«አኮረፈ» አለ ኤጀታ ለሚስቱ ለአያንቱ። «ያኩርፋ፣ እንደ ግመል።»

እሁድ ከሰዓት ለሚሰናበቱት ሁሉ ቁርጡን በቴክስት ላከላቸው። አንድም ሰው አልመለሰለትም። ይሄ አልጣመውም። እየተማከሩ ነው ማለት ነው።

ሰኞ ጎህ ሲቀድ አያንቱ ቀሰቀሰችው። ፍርፍር አቅርባለች።

«በዚህ ሰዓት?»

«ብላ በቃ፣ ኤጁ።»

ዓይኗ ቀልቷል። ስልኩንም «ቻርጅ ላድርግልህ» ብላ ወስዳበታለች።

ሳይጨርስ በሩ ተንኳኳ። ጋሽ ከበበ ገቡ። ከኋላቸው ሰዓዲያ። ከዚያ ሌላው፣ ሌላው፤ ሳሎኑ ጢም አለ።

«ጉድ ነው! አድማ መታችሁ?»

«እህል ቀምሰሃል?» አሉት ጋሽ ከበበ።

«ጋሼ፣ በቁርስ ሐሳቤን አልቀይርም።»

«ይሁን፣ ልጄ። ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም። «ወስኛለሁ» አለ። «ሥራ ሌላ፣ ጉርብትና ሌላ። ሌላ አማካሪ ፈልጉ።»

ስድቡን ጠበቀ። ለእያንዳንዱ ስድብ መልስ አዘጋጅቷላ! ለአንድ ብር ከሰው ጋር የምትናነቀዋ ሰዓዲያ እንኳ ሻርፗን አፏ ላይ አድርጋ ወለሉን ታያለች።

በሩ ጋ ነገሳን አየው።

«አንተ ደሞ ምን ልትሠራ መጣህ? አንተ እኮ ተይዘሃል!»

ነገሳ ፊቱን አዞረ።

«ገባኝ» አለ ኤጀታ። «የኢታና ሥራ ነው። በሱ ነው የመጣችሁት።»

«አዎ» አሉ ጋሽ ከበበ፣ ቀስ ብለው። «በሱ ነው።»

«ታዲያ ሰው ከሚሰበስብብኝ ራሱ አይመጣም? ይምጣና ፊት ለፊቴ ቆሞ ይናገረኛ!»

አያንቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ከጓዳ ወጣች፤ ደጅ ላይ የዕድሩ ሰዎች የድንኳኑን ብረት ከመኪና ማውረድ ጀመሩ።