የሰው ምዕራፍ

«ምዕራፍ ሁለት የዳግም ነው። አንቺን ማን አንብቢ አለሽ?» አለ የጥናት ቡድኑ መሪ ናኦል።

«ዝም ብዬ ገለጥኩት» አለች መህቡባ።

«ባለፈው ሳምንትም ምዕራፍ አራትን ስትገልጪ ታይተሻል። አታምኚንም ማለት ነው?»

ዳግም ቅር ብሎታል። «የሰው ድርሻ ውስጥ ምን አስገባሽ?»

ቡድኑ በመተማመን የቆመ ነበር። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ኬሚስትሪ አምስት ምዕራፍ ነው፤ እነሱም አምስት ናቸው። ለፈተና ሲመዘገቡ፣ ቁጥራቸው ተከታትሎ ጎን ለጎን እንዲቀመጡና እንዲኮራረጁ ተያይዘው ተሰለፉ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱ የራሱን ምዕራፍ ብቻ ሲሸመድድ፣ የሌላውን በጨዋ ደንብ ሳይነካ ከረመ። ፈተናው ከነገ ወዲያ ነው።

«ይቅርታ ጠይቂው» አለ ናኦል።

ጠየቀችው።

ይሄኔ የክፍል ኃላፊያቸው የመፈተኛ ካርድ ይዘው ወደሚያጠኑበት ቤተ መጻሕፍት ገቡና አደሏቸው። ናኦል አዳራሽ ሦስት ደርሶታል፤ ዳግም አዳራሽ ዘጠኝ። የቀሩትም ለየብቻቸው ናቸው።

«ዘንድሮ የደለደላችሁ ኮምፒውተር ነው» አሉ መምህሩ።

አራቱ፣ መሰለፉ የማን ሐሳብ እንደነበር መጨቃጨቅ ጀመሩ። መህቡባ ካርዷን ምዕራፍ አምስት መጨረሻ ላይ አስገብታ መጽሐፏን ዘጋችና ወጣች።