የበያጅ ልጅ

ደወሉ ሲጀምር በያጁ ጺሙን ገና በግማሽ ነው የተላጨው። ምላጩን ጥሎ ከመታጠቢያ ቤት ሲወጣ ሚስቱ በአንድ እግር ጫማ የሆቴሉ ክፍል መሀል ቆማለች፤ አንድ እጇ ፓስፖርቶቹን ይዟል፣ አንዱ ጆሮዋ ላይ ነው።

"እሳት ነው?" አለች እየጮኸች።

"እኔ ምን አውቄ። ልጁን እኔ እይዛለሁ፣ አንቺ ውጪ።"

ደወሉ ከጣሪያው ነው የሚጮኸው። አጠገቡ አንዲት ቀይ መብራት ብልጭ ድርግም ትላለች። ሃያ ዓመት ሙሉ ብረት ሲቀጠቅጥና ሲቆርጥ የኖረ ሰው ድምፅ አይፈራም፤ ይሄኛው ግን ጥርስ ሥር ይገባል። በያጁ አንገቱን ትከሻው ውስጥ ቀብሮ ወደ አልጋው ሄደና የአምስት ወር ልጁን ከነብርድ ልብሱ አፈሰው።

ጋሼ ተኝቷል።

ልጁን ጋሼ ያሉት እነሱው ናቸው፣ ስለ ጨዋነቱ። ትናንት አውሮፕላኑ ውስጥ ሌሎቹ ሕፃናት ጣሪያውን ሲያነሱት እሱ ጎማው መሬት ሲመታ እንኳ ዓይኑን አልገለጠም። ከኋላ የተቀመጡ ሴትዮ፣ "ምን አብልታችሁት ነው? ንገሩኝና ለልጅ ልጄ ልስጠው" ብለው ነበር። በያጁ ደረቱን ነፋ። "የበያጅ ልጅ ነው እትዬ። ጫጫታ ጠግቦ ነው ያደገው።"

ውሸት አይደለም። ቤታቸውና ብየዳ ቤቱ በአንድ ግድግዳ ነው የሚለያዩት። ላሜራ ሲቆረጥ የጎረቤት ውሻ ሰፈር ለቆ ይሄዳል፤ ጋሼ ይተኛል። አማቱ አንድ ቀን፣ "ይሄ ልጅ አይበረግግም እንዴ?" ብለው ነበር። "ለምዶት ነው እማዬ" አሏቸው ባልና ሚስት ባንድ አፍ። ይሄንን ጉዞም ያመጣላቸው ብረት ነው። በያጁ ለአንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ በር ሠርቶ፣ ባለቤቱ በሩን ስለወደዱት የሦስት ቀን ሽርሽር መረቁለት። ባሕር ማዶ የሚባለውን ሲያዩ የመጀመሪያቸው ነው።

ኮሪደሩ በሰው ታጭቋል። ፎጣ ያገለደመ አለ፣ ሻንጣ የሚጎትት አለ። ከፊት ለፊት ክፍል አንዲት የአገሩ ሴት ሕፃን ታቅፋ ወጣች። ልጇ ትንፋሽ እስኪያጥረው ያለቅሳል። አንድ ጆሮውን ደረቷ ላይ ለጥፋ ሌላውን በመዳፏ ደፍናለች። በያጁን አየችውና በአገጯ ወደ ጋሼ ጠቆመች፤ አንተስ ጆሮውን አትሸፍንም ወይ ነው ነገሩ።

በያጁ አፈረ። ልጁን ደረቱ ላይ አስጠግቶ ሰፊ መዳፉን ሊደፋበት ወደ ታች አየ።

ጋሼ ነቅቷል። የኮሪደሩን ቀይ መብራት ያያል። ብልጭ ስትል ፈገግ ይላል፤ ድርግም ስትል ተመልሳ እስክትመጣ ይጠብቃታል። ደወሉ ልክ ከአናታቸው በላይ ነው።

በያጁ በመዳፉ ጆሮውን ደፈነ። አነሣ። ደግሞ ደፈነ፣ ደግሞ አነሣ። የልጁ ፊት ላይ የተለወጠ ነገር የለም። ቀልቡ ተገፈፈ። ሰው ይገፋዋል፣ ሚስቱ እጅጌውን ትጎትታለች፣ እሱ ግን እግሩ ወለሉ ላይ እንደተበየደ ቀረ።

ዩኒፎርም የለበሰ የሆቴሉ ሠራተኛ እየሳቀ ከደረጃው ብቅ አለ። በሁለት እጁ ተረጋጉ፣ ምንም የለም፣ ለሙከራ ነው የሚል ምልክት ሰጠ። ደወሉ ተቋረጠ። ሰዎች ተሳሳቁ፤ በሮች ተራ በተራ ተዘጉ።

"ሞቼ ነበር እኮ!" አለች ሚስቱ አልጋው ጫፍ ላይ እየተዘረጋች። "አንተ ደግሞ ግማሽ ጺምህን ይዘህ። ሰዉ ከእሳቱ ይልቅ አንተን ነው የፈራው።"

አልሳቀም። ልጁን ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ በሆዱ አስተኛው። ጋሼ አንገቱን ቀና አደረገ፤ ከሰሞኑ የተማረው ነው። በያጁ ከኋላው ዞሮ ቆመና በእነዚያ ሳንቃ በሚያህሉ እጆቹ አጨበጨበ።

"ምን ሆነሃል?"

ደግሞ አጨበጨበ።

"ተው እንጂ፣ ታስደነግጥብኛለህ።"

"እንዲደነግጥ ነው የምፈልገው።"

ሣቋ ወዲያው አልጠፋም፤ ባለቤቱ ትቶት እንደሄደ ዕቃ ፊቷ ላይ ትንሽ ቆየ። ባሏን አየች፣ ልጁን አየች። ከዚያ ብድግ ብላ አልጋውን ዞረችና በመስኮቱ በኩል ተንበረከከች።

"ጋሼ! ጋሼዬ!"

ልጁ እግሮቹን አወራጨ፤ በድዱ ሙሉ ሳቀላት።

"ይኸው። ሰማኝ። አይታይህም?"

"አይቶሽ ነው" አለ በያጁ። "ከኋላው ሆነሽ ጥሪው።"

"ለምን ብዬ?"

"አንድ ጊዜ ብቻ።"

"ለምዶት ነው። አንተው ራስህ ለምዶት ነው ስትል አልነበር?"

"ሁለታችንም ነን ያልነው።"

ተነሥታ የአልጋውን ራስጌ ተደግፋ፣ ቀስ እያለች ወደ እሱ መጣች። አጠገቡ ስትቆም ክንዷ ክንዱን ነካው፤ ቀዝቅዛለች።

አፏን ከፈተች። ዘጋችው። እንደገና ከፈተችና እንዲያው ቀረች፣ ልትጠራውም፣ ላለመጥራት ዞር ልትልም አልቻለችም።

ልጁ መጋረጃውን ያያል። የጠዋቱ ፀሐይ ከፊት ለፊቱ ነው የገባው። ሁለቱ ጆሮዎቹ በብርሃኑ ቀልተው፣ ቀጫጭን የደም ሥራቸው ሳይቀር ይታያል።